ተካዩ ብዙ፣ አጠጪው ማን ነው?

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከማኅበራችን አባሎች አሥራ አንድ የምንሆን ተማሪዎች በአዲስ አበባ ከሚገኙት መናፈሻዎች ወደ አንዱ ሄደን ከአትክልተኞች ጋር ስንሠራ አረፈድን። እዚያ ያየነውንና የሰማነውን፣ ከዚያም በኋላ በመካከላችን የተከራከርንበትን ነገር ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለመምህሮቻችንም ማካፈል የሚገባን መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽፈናል። ጽሑፉ የአሥራ አንዳችንም ነው፤ ነገር ግን በአንዳንዱ ጉዳይ ሁላችን አንድ ሐሳብ እንዳልነበረን አስቀድመን እንናገራለን።

የሄድነው ከደግነት የተነሣ አይደለም፤ ከእፍረት የተነሣ ነው። ማኅበራችን በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ያዘጋጀውን የችግኝ ተከላ የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። አውቶቡስ ተከራይተን፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰን፣ እየዘፈንን ሄደን በአንድ ኮረብታ ጥግ ተከልን። ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዳቦው ተበላ፣ ለስላሳው ተጠጣ፤ ተመለስን። በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ከመካከላችን ሁለቱ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሲያልፉ ችግኞቹን ለማየት ጎራ ቢሉ ሩቡን እንኳ በሕይወት አላገኙትም። የቀረው የደረቀ እንጨት ነበር። አንዳንዱን ነቅለው ቢያዩት፣ ሲተከል ያልተቀደደለት ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ከነአፈሩ እንደ ጠቀለለው ተገኘ። ይህን የሠራ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን።

በማኅበሩ ስብሰባ «የተከልነው ለምን ሞተ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ አንዱ አፈሩን፣ አንዱ ከብቱን፣ አንዱ ድርቁን ወቀሰ። አፈሩም ከብቱም ድርቁም እኛ ከመትከላችን በፊት እዚያው እንደ ነበሩ ግን ያነሣ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት የሥነ ሕይወት ተማሪ እኅታችን «እስቲ መጀመሪያ ተክል የማይሞትበት ቦታ ሄደን እንይ» አለች። ሐሳቡ የእርሷ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ጥሩ ነገር ሁሉ ለእርሷ ይቆጠርላት።

የቀጠሮው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ትርጉሙ የገባን ግን በዚያ ጠዋት ነው። ክረምት ሲሆን ደመናው ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታባክነው ይሸፍናታል። ክረምቱ ሲወጣ ጋቢው ይገፈፋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከቡ በዝቶ፣ እንዴት ያምራል እያልን የምናደንቀው ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ የምትለቅበት ሌሊት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ደግሞ ብርዱ ከሁሉ የሚከፋው ልክ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። የሣሩ ጤዛ ጫማችንን ዘልቆ ጣታችንን አደነዘዘው። ከእኛ አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ «የሥራውን አደረጃጀት» ሲያጠና ቆየ።

ወቅቱ ራሱ አከራክሮናል። አበባ የሚፈካበት ወራት ስለ ሆነ «ጸደይ ነው» ያሉ ነበሩ፤ በትምህርት ቤትም እንዲሁ ተብለን የተማርን አለን። በአባቶች አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው በልግ የሚለው ወራት ነው። ይህን ክርክር ሞቅ አድርገን እንደ ያዝነው አንዲት አትክልተኛ «እናንተ ስም ስታወጡለት አበባው ደረቀ» ብላ መኮትኮቻ አቀበለችን። ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ።

ሠራተኞቹ ሰባት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ስንደርስ እነርሱ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከሥራ ልብሳቸው ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ደርበዋል፤ ራሳቸውን በነጠላ ጠምጥመዋል፤ በእግራቸው የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ በእጃቸው ምንም የለም። ጓንት እንዳላቸው ብንጠይቅ «አለን፤ እንግዳ ሲመጣ ይሰጡናል» አሉን። ሲስቁ እኛም ሳቅን፤ በኋላ ስናስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

በዕድሜ የገፉት፣ ሁሉም እማማ እያሉ የሚጠሯቸው እናት፣ ሥራውን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። እኛ ገና እንደ ደረስን የውሃውን ጎማ አንሥተን ማጠጣት ጀምረን ነበር። እርሳቸው ውሃውን ዘጉና «ልጆቼ፣ አስፋልቱ ተጠማ ብሏችኋል?» አሉን። ዞር ብለን ስናይ በእውነትም ውሃው ከመደቡ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መንገዱ ሲወርድ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የደበደበው አፈር ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ እንደ ድስት ክዳን ይገጥማል፤ መጀመሪያ ካልተኮተኮተ ውሃው አይገባም። የሚገባውም ላዩን አርሶ ይቀራል፤ ላዩ ብቻ የራሰለት ተክል ደግሞ ሥሩን ወደ ላይ ያመጣና በጥር ፀሐይ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ፣ ቀን አሳልፎ አጥብቆ ማጠጣት ይሻላል። ይህን ሁሉ እማማ የነገሩን በሦስት ቃል ነው፤ «ኮትኩት፤ አጠጣ፤ ተወው።» ከእኛ ሁለቱ ይህንኑ ነገር በሠላሳ ገጽ ማስታወሻ ይዘውታል።

ከመደቡ ቀጥለን በመንገዱ ዳር ወደ ተደረደሩት የሲሚንቶ ሣጥኖች ሄድን። እነዚህን ሣጥኖች በከተማችን የማያውቃቸው የለም፤ አላፊ አግዳሚ የሲጋራ ቁራጭና የማስቲካ ልጣጭ ይጥልባቸዋል፤ ታክሲ ጠባቂ ይቀመጥባቸዋል። በውስጣቸው ያለው ተክል ግን ከሁሉ ይልቅ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ነው። መሬት ላይ ያለ ተክል ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ራሱ ርጥበት ይፈልጋል። በሣጥን ያለው እስረኛ ነው። ፀሐይ ከላይ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎን ሲሚንቶውን እያጋለች አፈሩን ታደርቀዋለች፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ እንዲሁ በአራቱም ጎን ይገባል። የሚበላውም የሚጠጣውም ሰው ያመጣለትን ብቻ ነው፤ ቢጥመውም ባይጥመውም። (በተማሪዎች ምግብ ቤት የምንመገብ ሁሉ ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንብንም።)

እማማ ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ እያስገቡ አለፉ። «ይህ ጠግቧል። ይህ ጠምቶታል። ይህ ደግሞ ሰጥሟል።» የሰጠመው ጄራንየም ነበር፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ግንዱ ሥር ጠቁሯል። እኛ ውሃ አንሶት መስሎን ልንጨምርለት ስንል ከለከሉን። ከሣጥኑ ሥር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ሣጥኑን የሠሩት ሰዎች በሲሚንቶ ደፍነውት ሄደዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሥሩ መተንፈስ አቅቶት ይበሰብሳል። ሽማግሌው አንድ ጫፉ የሾለ ብረት አምጥተው ከታች ወጉት፤ ጥቁር ውሃ እየገማ ወጣ። እንግዲህ ያ ተክል በበጋ የሞተ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ «በውሃ ጥም ሞተ» ባለ ነበር።

ስለ ሰርዶም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰርዶ መሬት ለመሬት፣ ከመሬትም በታች እየተሳበ የሚሄድ ግንድ አለው፤ በዶማ ሲቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ይህን የእርሻ ትምህርት ተማሪ የሆነ ወንድማችን በፈተና ጽፎ ጥሩ ነጥብ አግኝቶበታል፤ በዚያ ጠዋት ግን አንዱን የጽጌረዳ መደብ ሙሉ በዶማ ሲከታትፈው ተገኘ። እማማ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያም ቁጢጥ ብለው አንዱን ሥር በእጃቸው ተከትለው፣ ሳይበጥሱ፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል መዘው አወጡ። እርሱ የቀረውን ሲለቅም እስከ አራት ሰዓት ቆየ። አሁን ስለ ሰርዶ የሚጠይቀው ቢኖር ሰላምታ ሳይሰጥ ያልፋል።

በአራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በረታች፤ ብርዱም እንዳልነበረ ሆነ። ሴቶቹ ከፔርሙዝ ሻይ ቀድተው፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን። እኛ ይዘን የሄድነው ምንም ነገር አልነበረም፤ ይህም ሌላ እፍረት ነው። ጨዋታው ደርቶ፣ እኛም የሠራነው ሥራ ኩራት ኩራት ብሎን ሳለ፣ በዕድሜ ከእኛ የማትበልጥ አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ጠየቀችን፤ «እናንተ ጥሩ ልጆች ናችሁ። ግን እናንተ በየሳምንቱ በነጻ ከመጣችሁ እኔን ማን በገንዘብ ይቀጥረኛል?»

ወዲያው የመለሰላት ሰው የለም። አንዱ ወንድማችን ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ጥቂት ለመናገር ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ስንመለስ በመንገድም፣ ማታም በመኝታ ቤት የተከራከርነው ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ከእኛ አንዳንዶቹ እንዲህ አሉ፤ ተማሪ አካፋ መያዙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ቀለም የቆጠረ ሰው የጉልበት ሥራን የሚንቅበት ልማድ በሀገራችን ሥር የሰደደ ነውና ይህን ለመስበር በየሳምንቱ መሄድ አለብን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ የልጅቱ ጥያቄ ትክክል ነው፣ የእኛ ቅዳሜ የእርሷ የቀን ደመወዝ ነው፤ ከድኻ እንጀራ ላይ ቆርሶ «አገለገልሁ» ማለት አይገባም አልን። አሁን ስንጽፍ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበትን የእጅ ሥራ በነጻ ልንነጥቅ አይገባንም። መማር ግን ይገባናል፤ ለተማርነውም መክፈል ይገባናል። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ግማሽ ሌሊት ፈጅቶብናል።

እዚህ ላይ ነገሩን ጥቂት ሰፋ አድርገን እንየው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን አዳነ ይባላል፤ ማዳኑንስ አድኗል። ግን ያሸነፈው ለምንድር ነው? ፈጥኖ ያድጋል፤ ከብት አይበላውም፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባጭሩ ጠባቂ አይፈልግም። ጽዱና ዝግባው፣ ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ ግን ሕፃን ሳሉ ከከብትና ከድርቅ የሚጠብቃቸው ይሻሉ። ተክሎ የሚሄድ ሕዝብ ደጁ ላይ የሚቀርለት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ዛሬ ደግሞ መትከል የሀገር ሥራ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ ቀጥሎም የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በየጎዳናው ዳር ሣርና አበባ ተነጥፏል። ይህን ስንጽፍ ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ጥላ በጠፋበት መንገድ ጥላ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የምንለው ይህን ነው፤ የተከላው ቀን ቁጥር ይነገራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ስንት ነው የሚለው ቁጥር ግን በዚያ ድምፅ አይነገርም። ለተከለ ሰው ፎቶግራፍ አለው። በየካቲት ለሚያጠጣ ሰው ማን ፎቶግራፍ ያነሣለታል? እኛም ራሳችን እንዲሁ ነን፤ በማኅበራችን ቢሮ ግድግዳ ላይ የ2016ቱ ተከላ ፎቶግራፍ እስካሁን ተሰቅሎ አለ፤ በፎቶግራፉ ካሉት ችግኞች ይልቅ ፎቶግራፉ ዕድሜ አግኝቷል።

ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነውና በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት ገነተ ልዑል ይባል ነበር። ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታ ነው። አዳምም ቢሆን በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ነው እንጂ እንዲመርቃት አይደለም፤ ተካዩ ሌላ ነበርና። የግእዝ መምህራችን ይህን አተረጓጐም ካልወደዱት ይቅርታ እንጠይቃለን።

«ሰው ዳቦ ባጣበት ጊዜ ስለ አበባ ታወራላችሁ?» የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ይህ ከጠላት የሚመጣ ጥያቄ አይደለም፤ ከመካከላችን ሦስቱ ራሳቸው አንሥተውታል። መልሳችን ይህ ነው። መናፈሻ ለባለጠጋ አያስፈልገውም፤ እርሱ በአጥሩ ውስጥ ሣር አለው፣ አትክልተኛም አለው። መናፈሻ የሚያስፈልገው በአንዲት ክፍል ከነቤተ ሰቡ ለሚኖር ሰው፣ ከሆስፒታል ተራ ጠብቃ ለወጣች እናት፣ ስምንት ሆነን በአንድ መኝታ ክፍል ለምናጠና ለእኛ ነው። ስለዚህም መግቢያው በገንዘብ የሚሆንበትን መናፈሻ የሕዝብ ብሎ መጥራት ይከብደናል። ደግሞም ያቺ ልጅ በግልጽ እንዳስተማረችን አበባው ለእርሷ ራሱ ዳቦ ነው። ክርክራችን አበባ ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ የሚንከባከቡት ሰዎች ጓንትና ሙቅ ጫማ፣ ዘላቂ ሥራም ያግኙ የሚል መሆን አለበት።

ስለ ውሃ የሚነሣው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ በሚሰለፍበት ሰፈር አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰፊ ሣር ሲጠጣ ማየት ልብ ያቆስላል። ይህ በከፊል የምርጫ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ሥራ ሲጠናቀር ወደ 6,000 የሚሆኑ ዝርያዎችን ዘርዝሯል። ከዚህ ሁሉ መካከል እሬት በድርቅ አይበገርም፤ አሽንዳ በደጋ ብርድ ችቦ የመሰለ አበባ ያወጣል፤ ቀጋ የሀገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው። አደይ አበባም ማንም ሳያጠጣው ክረምቱ ባጠገበው መሬት ላይ በመስከረም ይፈካል፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። በመንገዳችን ዳር ሣጥኖች ግን ከእነዚህ አንዱም አልታየንም። ዩኒቨርሲቲና ከተማ በአንድነት ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በከተማችን ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ ሣጥኖቻችንን በምን እንሙላ ብለን የምንቸገርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከግቢያችን በር ጀምሮ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ አርባ የሲሚንቶ ሣጥኖች አሉ። የሚንከባከባቸው የተመደበ ሰው የለም፤ ስለዚህ የማንንም ደመወዝ አንነካም። እማማ እንደ ነገሩን አንድ ሣጥን በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል። አርባው ሣጥን በሳምንት 800 ሊትር ይሆናል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ሠላሳ ሳምንት ነው፤ የበልጉ ዝናብ አንድ ጠብታ እንኳ ሳይረዳን ቢቀር ጠቅላላው 24,000 ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ማለት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት 1,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። የምግብ ቤታችን ጣራ ከ100 ካሬ ሜትር የማያንስ ስለ ሆነ 100,000 ሊትር ያህል በየዓመቱ ወደ ቦይ እናፈስሳለን። አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ቢኖረን በክረምት የሞላው ውሃ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ያደርሰናል። ለቀረው የሣህን ማለቢያና የልብስ ማጠቢያ ውሃ አለ፤ ሳሙናው ከበዛበት መጀመሪያው ሲደፋ ሁለተኛው ያገለግላል። የቦዩንና የሮቶውን አገጣጠም የምሕንድስና ተማሪዎች ሊሠሩልን ይችላሉ፤ ወረቀት ላይ ብቻ ድልድይ ሲሠሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

በኅዳር ወር በሚደረገው የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በ2018 ዓ.ም. ክረምት አንድም አዲስ ችግኝ አንትከል። ለአውቶቡስና ለካናቴራ የሚወጣው ገንዘብ ለሮቶውና ለጀሪካን ይዋል፤ ከዚያም ላይ ለስምንቱ አትክልተኞች ጓንት ይገዛ። በ2016 ዓ.ም. ከተከልናቸው የቆሙት ጥቂቶች በሁለቱ በጋዎች ይጠጡ። ከአሥራ አንዳችን አራቱ በዚህ አልተስማሙም፤ «አንትከል» የሚለው ቃል ለሰሚ ከፉ ነው፣ ጥቂትም ቢሆን እንትከል ይላሉ። ሐሳባቸውን በጉባኤው ራሳቸው ይናገራሉ። እኛ ሰባታችን ግን፣ የወለድነውን ሳናሳድግ ሌላ መውለዱ ይቅር እንላለን።

እማማን በወር አንድ ቅዳሜ መጥተው እንዲያስተምሩን ጠይቀናቸዋል። ለሌላው የእንግዳ መምህር ለሚናገርበት ሰዓት እንደምንከፍል ለእርሳቸውም እንከፍላለን፤ ይህን ስንነግራቸው መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። በኅዳር ጽጌረዳ እንዴት እንደሚገረዝ ያሳዩናል። መምህሮቻችንም መጥታችሁ ብትሰሙ ደስ ይለናል፤ የሚያስፈልገው አንድ መቀስ ብቻ ነው።

ከመስማማታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁን፤ «የሣጥኖቻችሁ ቀዳዳ ክፍት ነው?» አሉ። አላየንም ነበር። በማግስቱ እሑድ ተንበርክከን አንድ በአንድ አየን፤ ከአርባው አሥራ ስድስቱ ተደፍነዋል። ዘጠኙን ከፍተናል። የቀሩት ሰባቱ ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል ያሉት ናቸው፤ የሾለው ብረት ከጥበቃ ቤቱ ይገኛል።